ቀፎ ያጡ ንቦች፦ የኮቬንትሪ የሞተር ብስክሌት ክለብና የደጋፊዎቹ ታሪክ

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ለመጽሔቱ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፥ ከታሪክ ክበባችን አባሎች አንዳንዶቹ ስለ ጎንደር ግንቦች፥ አንዳንዶቹም ስለ ምድር ባቡር ታሪክ ለመጻፍ መረጡ። እኛ ሦስታችን ግን ከመጽሐፍ ይልቅ ኳስ ሜዳ የሚያውቀን ልጆች ስለሆንን፥ በእንግሊዝ አገር በኮቬንትሪ ከተማ አጠገብ ስለ ነበረ አንድ የሞተር ብስክሌት ውድድር ክለብ ልንጽፍ ተስማማን። ጓደኞቻችን «ይህ ደግሞ ምን ታሪክ ነው?» ብለው መሳቃቸው አልቀረም። ዳሩ ግን ነገሩን እየመረመርነው በሄድን ቁጥር አንድ ከባድ ጥያቄ ተደቀነብን፤ ይኸውም፥ አንድ ክለብ ሜዳውን፥ ተወዳዳሪዎቹንና ውድድሩን ሁሉ ካጣ በኋላ ገና ክለብ ነው ለማለት የሚቻለው በምን ምክንያት ነው? የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ስፒድዌይ የሚባለውን ውድድር በዓይኑ ያየ ሰው በአገራችን ጥቂት ስለሚሆን፥ አስቀድመን ሥርዓቱን እንግለጥ። መንገዱ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ የተፈጨ ድንጋይና አፈር የተነጠፈበት ነው፤ ርዝመቱም ከ260 እስከ 425 ሜትር ይደርሳል። በእያንዳንዱ ሩጫ አራት ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ሁለቱ የባለሜዳው፥ ሁለቱ የእንግዳው ክለብ ናቸው። በፊታቸው የተወጠረው ገመድ ወደ ላይ ሲፈናጠር ይነሡና ወደ ግራ ብቻ እየታጠፉ አራት ጊዜ ይዞራሉ። አንደኛ የወጣ 3፥ ሁለተኛ 2፥ ሦስተኛ 1 ነጥብ ያገኛል፤ አራተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። ነገሩ ሁሉ የሚያልቀው በአንድ ደቂቃ ያህል ነው። ሞተሩ 500 ሲሲ ሲሆን የሚቃጠልበትም ቤንዚን ሳይሆን ሜታኖል የሚባል አልኮል ነው። ማርሹ አንድ ብቻ ነው፤ ፍሬን የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። ነጂው መታጠፊያው ላይ ሲደርስ የኋላ ጎማውን ሆን ብሎ ያንሸራትተዋል፤ ከሥሩ ብረት የተገጠመለትን የግራ ጫማውን በመሬት ላይ እየጎተተ መሪውን ወደ ቀኝ አዙሮ ወደ ግራ ይታጠፋል። እናቶቻችን ይህን ቢያዩ ምን እንደሚሉ ለመገመት አያስቸግርም።

የዚህ ውድድር መነሻ አውስትራሊያ ነው ይባላል። በ1923 ዌስት ሜይትላንድ በምትባል ከተማ የእርሻ ትርዒት ማኅበር ጸሐፊ የነበሩት ሚስተር ጆኒ ሆስኪንስ በትርዒቱ ሜዳ ላይ ሞተር ብስክሌቶችን በማታ መብራት አወዳደሩ። ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ስሙ የገነነው ግን በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1928 በለንደን አጠገብ ባለው በኤፒንግ ደን፥ ሃይ ቢች በተባለው ስፍራ በተደረገው ውድድር ነው። በዚያን ቀን ከተጠበቀው እጅግ የበለጠ ሕዝብ ጎረፈ፤ በዚያው ዓመትም በየከተማው ሜዳ ይከፈት ጀመር። ከኮቬንትሪ በስተ ምሥራቅ ጥቂት ማይል ርቃ በምትገኘው በብራንደን መንደር የተሠራው ስታዲየምም በዚሁ በ1928 ሥራውን ጀመረ።

ኮቬንትሪ ለዚህ ስፖርት ባዕድ አልነበረችም። የብስክሌት ኢንዱስትሪ ያደገባት፥ በኋላም የሞተር ብስክሌትና የመኪና ፋብሪካዎች የተተከሉባት ከተማ ናት። ትራያምፍ የሚባለው ሞተር ብስክሌት በዚያ ይሠራ ነበረ፤ ራጅ የተባለው ፋብሪካም ለዚሁ ለአፈር ሜዳ ውድድር ብቻ የሚሆን ልዩ ሞተር አውጥቶ ነበረ። እንግዲህ ማታ በብራንደን ሰገነት ላይ ቆሞ የሚጮኸው ሰው ቀን በፋብሪካው ሞተር ሲገጣጥም የዋለ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለ መሣሪያው ከጎረቤቱ ጋር ሲከራከር የሚናገረውን ያውቅ ነበረ። አንድ ክለብ የአካባቢው ነው የሚባለው በስሙ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ባለው ትስስር ይመስለናል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የብራንደን ውድድር ጽኑ መሠረት አልነበረውም፤ ይጀመርና ይቋረጥ ነበረ። ከዚያ በኋላ የመጣው መከራ ደግሞ ለከተማው ሁሉ ሆነ። በኖቬምበር 14 ቀን 1940 ሌሊት የጀርመን አውሮፕላኖች ኮቬንትሪን ደበደቡ፤ ታላቁ ካቴድራል ፈረሰ፥ የትራያምፍ ፋብሪካም ወደመ። ውድድሩ ተመልሶ የተጀመረው በ1948 ነው። ቤታቸው ፈርሶባቸው ገና በመሠራት ላይ ለነበሩት ሰዎች የቅዳሜ ማታው ውድድር ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበረው፥ ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ክለቡ «ንቦች» ተብሎ የተጠራበትን ስም ሕዝቡ በፍቅር ያዘው። በዚያን ጊዜ ሥራውን የያዙት ሚስተር ቻርልስ ኦክልትሪም ለብዙ አሥርት ዓመታት የብራንደን አስተዳዳሪ ሆነው ቆዩ፤ ሜዳው በንጽሕናውና በሥርዓቱ የታወቀው በእሳቸው ዘመን ነው።

በ1953 ንቦቹ የሁለተኛውን ምድብ ሊግ አሸነፉ። ይሁን እንጂ እነዚያ ዓመታት ለእንግሊዝ ስፒድዌይ የፈተና ዓመታት ነበሩ፤ መንግሥት በመዝናኛ ላይ የጣለው ግብር ከባድ ነበረ፥ ቴሌቪዥንም ሰውን ከቤቱ አላስወጣ አለ። ብዙ ሜዳዎች ተዘጉ። ኮቬንትሪ ግን አልተዘጋም። በ1965 የብሪታንያ ሊግ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ ክለቦች አንዱ ሆነ፤ በ1968ም የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። የዚያ ዘመን ጀግና ናይጄል ቡኮክ ነው። ሌሎቹ ነጂዎች ጥቁር ቆዳ ለብሰው ሲወዳደሩ እሱ ሰማያዊ ይለብስ ስለ ነበረ፥ በሩቅ ያለ ሕፃን እንኳ ይለየው ነበረ።

አሁን የጽሑፋችን ዋና ጉዳይ ወደሆነው ወደ ደጋፊው እንመለስ። የስፒድዌይ ደጋፊ ከእግር ኳስ ደጋፊ የሚለይበት አንድ ልማድ አለው፤ ይኸውም እጁ ላይ እስክሪብቶ መያዙ ነው። በበሩ ላይ የሚገዛው ፕሮግራም የየሩጫው ሠንጠረዥ የታተመበት ሲሆን የአራቱ ተወዳዳሪዎች ስም፥ የራስ ቁራቸው ቀለምና ባዶ ሣጥኖች አሉበት። ሩጫው ባለቀ ቁጥር ደጋፊው ማን ስንተኛ እንደ ወጣ በሣጥኖቹ ውስጥ ይጽፋል፤ የወደቀውን ይጠቅሳል፥ የሁለቱንም ክለቦች ነጥብ ይደምራል። አባት ለልጁ የሚያስተምረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ የሒሳብ መምህራን ቢሰሙት ደስ የሚላቸው ይመስለናል። ዝናብ ከጣለ ወረቀቱ ይረጥባል፥ ከጎማው የሚፈናጠረው አፈርም ያርፍበታል። እንደዚያው ሆኖ ወደ ቤት ይወሰድና በካርቶን ውስጥ ይቀመጣል።

የታሪክ ተማሪ ይህን ሲሰማ ልቡ መነሣቱ አይቀርም። የአንድ ክለብ መዝገብ ሁልጊዜ በጽሕፈት ቤት ብቻ አይገኝም፤ ጽሕፈት ቤቱ ሊዘጋ፥ ወረቀቱም ሊጣል ይችላል። የእነዚህ ሰዎች መዝገብ ግን በየቤቱ ተበትኖ፥ በየአንዳንዱ ሰው እጅ ተጽፎ ተቀምጧል። ሁለት ሽማግሌዎች ስለ አንድ የጥንት ሩጫ ቢከራከሩ፥ ነገሩን የሚፈርደው ጩኸት ሳይሆን ከአልጋ ሥር የሚወጣው ካርቶን ነው። ትዝታ ማለት ስሜት ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢመለከቱ መልካም ነበረ።

የሚታወሰውም ነገር ጥቂት አይደለም። በ1976 የዴንማርኩ ኦሌ ኦልሰን ወደ ኮቬንትሪ መጣ፤ በ1971ና በ1975 የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነበረ፤ በ1978ም የንቦቹ ተወዳዳሪ ሳለ ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈ። በ1978ና በ1979 ክለቡ ሊጉን በተከታታይ ወሰደ፤ በ1987ና በ1988 እንደገና ሁለት ጊዜ አከታተለ። በ2005፥ በ2007ና በ2010 ደግሞ የመጨረሻዎቹን የሊግ ዋንጫዎች አነሣ። በዚያው በ2007 የክለቡ ተወዳዳሪ ክሪስ ሃሪስ በካርዲፍ የተደረገውን የብሪታንያን ግራንድ ፕሪ አሸነፈ።

እንዲህ ያለ ክለብ እንዴት ሊወድቅ ቻለ? መልሱ አጭር ነው፤ ሜዳው የራሱ አልነበረም። ስታዲየሙ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ መሬቱ በመጨረሻ ቤት ሠርተው ለመሸጥ ባሰቡ ሰዎች እጅ ገባ። ክለቡ ተከራይ ነበረ፤ ተከራይ ደግሞ ዋንጫ ቢኖረውም ባይኖረውም ውጣ ሲባል ይወጣል። በብራንደን ስፒድዌይ የታየበት የመጨረሻው ዓመት 2016 ሆነ። በ2018 ንቦቹ በዝቅተኛው ሊግ ተመዝግበው በሌስተር ከተማ ሜዳ ተወዳደሩ፤ ነገር ግን ቤትህ ባልሆነ ሜዳ «የባለሜዳው ክለብ» መባል ብዙ አያራምድም፤ ሙከራው አልዘለቀም። የዚያው ከተማ የእግር ኳስ ክለብም ሜዳ አጥቶ በ2013 ወደ ኖርዛምፕተን፥ በ2019 ደግሞ ወደ በርሚንግሃም ተሰድዶ ነበረ፤ እሱ ግን ሁለቱንም ጊዜ ወደ ከተማው ተመልሷል። እግር ኳስ ሌላ ሜዳ ሊከራይ ይችላል፤ የስፒድዌይ መንገድ ግን እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ንብ ቀፎዋ ሲነካ ዝም እንደማትል የአገራችን ገበሬ ሁሉ ያውቃል። የኮቬንትሪ ደጋፊዎችም ዝም አላሉም። ማኅበር አቋቁመው ስታዲየሙ እንዳይፈርስ መሟገት ጀመሩ፤ በዚያው ሜዳ የመኪና ውድድር ሲመለከቱ የነበሩትም ተባበሯቸው። ባዶ የቀረው ስታዲየም በዚህ መካከል ተሰባበረ፥ እሳትም ተነሣበት። ባለ መሬቶቹ ያቀረቡት ዕቅድ 124 ቤቶችና አንድ ሰው ሠራሽ ሣር ያለው የኳስ ሜዳ ለመሥራት ነበረ። የእንግሊዝ የፕላን ሕግ የስፖርት ስፍራ ያለ ምክንያት እንዲጠፋ አይፈቅድም፤ ስፍራው ከእንግዲህ አያስፈልግም ተብሎ በጥናት ካልተረጋገጠ፥ ወይም እኩል ወይም የተሻለ ምትክ ካልተሰጠ፥ ወይም በቦታው የሚሠራው ሌላ ስፖርት ጥቅሙ ከጠፋው ካልበለጠ በቀር በላዩ አይሠራበትም። የኳስ ሜዳው በዕቅዱ ውስጥ የገባበት ምክንያትም ይኸው ነው።

በ2022 የራግቢ ወረዳ ምክር ቤት ዕቅዱን አልቀበልም አለ። ባለ መሬቶቹ ይግባኝ ብለው በ2023 የሕዝብ ምርመራ ተደረገ። የክርክሩም እምብርት ስፒድዌይ በብራንደን ራሱን ችሎ ሊኖር ይችላል ወይስ ዘመኑ አልፎበታል? የሚል ነበረ። በዚህ ጊዜ ደጋፊዎቹ ቀርበው ተከራከሩ። እኛን ከሁሉ አብልጦ የማረከን ይህ ነው። ለዓመታት በሻይ ላይ ሲጫወቱት የኖሩት ትዝታ በመርማሪ ፊት የሚመዘን ማስረጃ ሊሆን ተገደደ። «ያ ዘመን እንዴት መልካም ነበረ» ማለት አይበቃም፤ ማን ይመጣ ነበር፥ ለምን መምጣት ተወ፥ ቢከፈት ይመለሳል ወይ? ለሚለው መልስ መስጠት ያስፈልጋል። ከምርመራው በኋላ ይግባኙ ውድቅ ሆነ።

ከእኛ መካከል አንዱ የባለ መሬቶቹን ወገን ይዞ ተከራክሮናል። ቤት የሌለው ሰው ባለበት አገር የተዘጋ ስታዲየም መጠበቅ ቅንጦት ነው፥ የስፒድዌይ ተመልካችም በመላው እንግሊዝ እየቀነሰ ሄዷል ይላል። ነገሩ ከእውነት የራቀ አይደለም። የዊምብልደን ስፒድዌይ ክለብ በ2005 ተዘግቶ ቀርቷል፤ የስዊንደንም የመጨረሻ ውድድር በ2019 ተደርጓል። ሁለታችን ደግሞ የማንቸስተሩን ክለብ ቤል ቪውን ጠቀስንለት፤ የጥንት ሜዳውን በ1987 አጥቶ በ2016 ለስፒድዌይ ተብሎ በተሠራ አዲስ ስታዲየም ገባ። ኦክስፎርድም በ2007 ከቆመ በኋላ ስታዲየሙ ሳይፈርስ ስለ ቆየ በ2022 ሞተሮቹ እንደገና ተሰምተውበታል። ሜዳው ካለ ሰው ሊመለስ ይችላል፤ ቤት ከተሠራበት በኋላ ግን የሚመለስ ሰው የለም። ክርክሩን በዚህ አቆምነው እንጂ አልጨረስነውም።

የይግባኙ ውድቅ መሆን ቤቶቹ እንዳይሠሩ አገደ እንጂ የብራንደንን በር አላስከፈተም። ባለ መሬቱን ሜዳውን እንዲያከራይ የሚያስገድደው አልነበረም። የኦሌ ኦልሰንን የ1978 ዓመት በዐሥር ዓመት ዕድሜው ከአባቱ ትከሻ ሥር ሆኖ ያየ ልጅ ዛሬ ከሃምሳ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በ2016 የተወለዱት የኮቬንትሪ ልጆች ደግሞ በብራንደን ፕሮግራም ላይ አንድም ሣጥን ሞልተው አያውቁም።