ዋልካ በእርጎ ኩባያ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ብትሄዱ መስኮት ላይ የተደረደሩ የእርጎ ኩባያዎች ታያላችሁ። ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ጎመን ተዘርቶባቸዋል። አፈሩ ብዙ ጊዜ ከግቢ የተዛቀ ዋልካ ነው። ዘሩ ሳይበቅል ሲቀር ደግሞ "እኔ እጄ ለተክል አይሆንም" ይባላል። እጁ ግን ምንም አላጠፋም።

ፎቆቹ ከመምጣታቸው በፊት ጀሞና ለቡ የገበሬ ማሳ ነበሩ። ጤፍ ደግሞ ዋልካ ይስማማዋል። ገበሬው መሬቱን ደጋግሞ ያርሳል፣ ያለሰልሳል፣ ደቃቁን ዘር ክረምት ላይ ጭቃው ላይ ይበትነዋል። ዘሩ ከላይ ስለሚቀር አየር ያገኛል፤ ትርፉን ውሃ ቦይ ይወስደዋል። ኩባያ ግን ቦይ የለውም። ታቹ ካልተበሳ ውሃው ይተኛል፣ ዘሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። ሲደርቅ ደግሞ ዋልካው እየተሰነጠቀ ቀጭኑን ሥር ይበጥሰዋል። ማሳ ላይ ትውልድ ያበላ አፈር ኩባያ ውስጥ ሌላ ነገር ሆነ ማለት ነው።

ለዘር የሚሆን አፈር ማዘጋጀት ለአዲስ አበባ አዲስ ነገር አይደለም። በ1879 ዓ.ም የተቆረቆረችው ከተማ ብዙም ሳትቆይ በዙሪያዋ ያለውን ዛፍ ለማገዶና ለቤት ጨረሰችው። ዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ቤተ መንግሥት እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር፤ እሱም በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዋ እዚሁ እንድትቀር ከረዱት ነገሮች አንዱ በ1887 ዓ.ም ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው።

የባሕር ዛፍ ዘር እንደ ጤፍ ደቃቅ ነው። ስለዚህ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ አፈሩ ይነፋል፣ አሸዋ ይቀላቀልበታል፣ መደቡ ጥላ ይሠራለታል። ቡቃያው ጠንከር ሲል የጫካ አፈር፣ አሸዋና የበሰለ ፍግ ወደተሞላ ፕላስቲክ ይዛወራል። አፈሩ እርጥበት ይይዛል፣ አሸዋው ውሃ ያሳልፋል፣ ፍጉ ይመግባል። ዛሬ አንዳንዶች የኮኮናት ቃጫ ይጠቀማሉ፤ እሱም ቀላል ነው፣ ውሃም አየርም ይይዛል፣ ምግብ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ለመብቀል ችግር የለውም፤ ዘር የመጀመሪያ ስንቁን በውስጡ ይዞ ነው የሚመጣው። ቅጠል ካወጣ በኋላ ግን ይራባል።

እና ዋልካውን አትጣሉት። ንፉት፣ አሸዋና ብስባሽ ጨምሩበት፣ የኩባያውን ታች ብሱት፣ ብርሃን ያለበት መስኮት ላይ አስቀምጡት። የጀሞ ገበሬ ማሳውን ለከተማው ለቋል። ከዚያ ማሳ እኛ እጅ የቀረው ይቺ እፍኝ አፈር ናት፤ እሷንም ሳናውቃት "አትሆንም" ብለን መድፋት የለብንም።