ከልብስ ወደ ስልክ ገጽ፦ «አዝራር»ና ምስሉ

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በአምበር፣ ሸሚዙን ለልብስ ሰፊ የሚሰጥ ሰው «ቁልፉ ወልቋል» ይላል፤ ማታ ደጁን ሲዘጋም የሚፈልገው ቁልፍ ነው። አንድ ቃል ለሁለቱም ማገልገሉ በዕለታዊ ኑሮ ችግር አልፈጠረም፤ ዐውዱ ይለየዋልና። ቃሉ ወደ ስልክ መተግበሪያ ሲገባ ግን ዐውድ ብቻውን አልበቃም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው «በአዝራር ላይ በኮድ ምስል መጨመር» የሚለውን ሐረግ ያቆሙት ቃላት ከየት እንደ መጡና ምስሉ ቃሉን ያስቀረው እንደ ሆነ ነው።

«አዝራር» ለአማርኛ ዐዲስ አይደለም። ምንጩ ዐረብኛ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ነጠላው «ዚር»፣ ብዙው «አዝራር» ነው፤ አማርኛ ብዙውን እንደ ነጠላ ተቀብሎ «አዝራሮች» ሲል አበዛው። ዐረብኛ ይህንኑ የልብስ ቃል ለመሣሪያ መጫኛ፣ ኋላም ለኮምፒዩተር ገጽ አውሎታል። የእንግሊዝኛው «በተን»ም ከጥንቱ ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ በዚያ ቋንቋ የአበባ እንቡጥ ማለት ነበርና፣ ከእንቡጥ ወደ ልብስ፣ ከልብስ ወደ ደወል፣ ከደወል ወደ ገጽ ተሸጋገረ። ስለዚህ የአማርኛ ተርጓሚዎች «አዝራር»ን ለገጽ ሲመርጡ በተጠረገ መንገድ ሄዱ እንጂ እንግዳ ነገር አልፈጠሩም። ምርጫው ሌላም ጥቅም አለው፤ «ቁልፍ» አስቀድሞ «የቁልፍ ሰሌዳ»ንና «ቁልፍ ቃል»ን ስለ ተሸከመ ተጨማሪ ሸክም አይችልም።

«በኮድ» የሚለው ማብራሪያ ይሻል። «ፕሮግራም» በአማርኛ «መርሐ ግብር» ተብሎ ተተርጉሟል። ሆኖም ሕዝቡ ይህን ቃል ለጉባኤና ለበዓል ዝርዝር ስላዋለው፣ «ምስሉን በመርሐ ግብር ጨምር» ብንል አንባቢው «በተወሰነለት ሰዓት» ብሎ ይረዳዋል። በትክክል የተተረጎመ ቃል በአገልግሎቱ ከታሰበለት ስፍራ ሊርቅ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ምስሉ ወደ ስልክ አዝራር የገባው ከመነሻው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አፕል የአይፎንን የመተግበሪያ መሥሪያ ለውጭ ባለሙያዎች ሲከፍትና የመጀመሪያው አንድሮይድ ሲወጣ፣ ሁለቱም ምስል የሚሸከም አዝራር ነበራቸው። በአፕሉ «ዩአይበተን» ኮድ ጸሓፊው ለእያንዳንዱ ሁኔታ፣ ይኸውም ላልተነካው፣ ለተነካው፣ ለተመረጠውና ሥራ ላቆመው አዝራር የየራሱን ምስል ሊሰጥ ይችላል። የአንድሮይዱ «ኢሜጅ በተን» ደግሞ ጽሑፍ አይይዝም፤ ምስል ብቻ ነው። ለዚህ «ባለምስል አዝራር» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን።

ጽሑፍ ከሌለ ተርጓሚ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው አንድሮይድ 1.6 ለእንዲህ ያለው አዝራር «ኮንተንት ዲስክሪፕሽን» የተባለ፣ በገጹ ላይ የማይታይ መግለጫ አበጀለት። ይህን መግለጫ የገጽ አንባቢ መሣሪያ ለዐይነ ስውር ተጠቃሚ በድምፅ ያነብለታል። መግለጫው ካልተጻፈ ተጠቃሚው ከስሙ የተራቆተ «አዝራር» የሚል ቃል ብቻ ይሰማል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክ የብዙ ሰው የዕለት ተግባር በሆነበት አገር፣ ይህ ጉድለት እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

መግለጫውም ሥራውን እንጂ ሥዕሉን መሰየም አለበት፤ የቆሻሻ ቅርጫት ምስል «ቅርጫት» ተብሎ ቢተረጎም ምን እንደሚሠራ አይነግርም። «አጥፋ» እንዳንል መብራትም ስልክም ይጠፋል። «ሰርዝ» ብንል ደግሞ ጽሑፍን ማስወገድም፣ የጀመሩትን ጉዳይ መተውም ይሆናል። ለሚያይ ሰው ቅርጫቱና የመስቀለኛ ምልክቱ ይለያያሉ፤ ለሚሰማው ግን ሁለቱም «ሰርዝ» ከተባሉ አንድ ይሆኑበታል። ስለዚህ «ሰርዝ» ለማስወገድ፣ «ይቅር» ለመተው ተለይተው እንዲጸኑ እናሳስባለን።

ምስሉ ቃሉን ሰወረው እንጂ አላስቀረውም። የተሰወረ ቃል ሲሳሳት የሚያርመው ዐይን ስለሌለ፣ ከሚታየው ይልቅ ጥንቃቄ ይገባዋል። በአምበር ቁልፉ የወለቀበት ሰው ሸሚዙን አይቶ ጉድለቱን ያውቃል፤ መግለጫ የጎደለበትን አዝራር ግን የሚያውቀው ሊጠቀምበት ሲሞክር ያቃተው ሰው ብቻ ነው።