የስፖርተኞች ምግብ ታሪክና የዱመርሶ ቆጮ

በጌዴኦ ምድር፥ በይርጋ ጨፌ አካባቢ፥ ዱመርሶ የሚባል በቡናው ስሙ የታወቀ ስፍራ አለ። ቡናው ከዛፎች ጥላ ሥር ከእንሰት ጋር ተጎራብቶ ይበቅላል። ቡናው ወደ ገበያ ሲወጣ እንሰቱ በቤት ይቀራል፤ ተፍቆና ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ከብላላ በኋላ ቆጮ ይሆናል። ይህ ቡናንና እንሰትን ያጣመረ የጌዴኦ መልክዐ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ነገር ግን ዓለም ያከበረውን እንሰት የገዛ ወጣቶቻችን ሲንቁት እንሰማለን። «ቆጮ በልቶ ሯጭ አይኮንም፤ ጉልበት ከሥጋና ከውጭ አገር ዱቄት ነው» የሚሉ አሉ። ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ወደ ኋላ መለስ ብለን ታሪክን ልንጠይቅ ይገባናል።

የጥንቱ የግሪክ ጸሐፊ ጳውሳንያስ እንደሚነግረን፥ የኦሊምፒያ ተወዳዳሪዎች አስቀድሞ ይመገቡት የነበረው አይብ ነው። ሥጋ መብላትን ያስለመደው ድሮሜዎስ የተባለ የረጅም ርቀት ሯጭ ነው ይላል። ከዚያ ወዲህ ጡንቻ የሚሠራው በሥጋ ነው የሚለው እምነት ብዙ ዘመን ኖረ። በ19ኛው መቶ ዓመት ታላቁ የጀርመን ኬሚስት ሊቢሕ እንኳ የጡንቻ ማገዶ ፕሮቲን ነው ብሎ አስተማረ።

ይህን ትምህርት የፈተኑት ፊክና ቪስሊሴኑስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1865 ዓ.ም. በስዊስ አገር ፋውልሆርን የሚባለውን ተራራ ሲወጡ ፕሮቲን ያለበትን ምግብ ትተው፥ በስብ የተጠበሰ የስታርች ቂጣና ስኳር ያለበት ሻይ ቀመሱ። ከዚያም ሽንታቸውን መርምረው ሰውነታቸው ያቃጠለው ፕሮቲን ያን ዳገት ለመውጣት ከቶ እንደማይበቃ አረጋገጡ። የስታርች ቂጣ ተራራ ካስወጣ፥ ቆጮም ከዚያው ወገን መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ከመቶ ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. የስዊድን ሊቃውንት በርይስትረምና ጓደኞቹ ነገሩን በቁጥር አሳዩት። ሰዎችን በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ እስኪደክሙ አሠሯቸው። ሥጋና ስብ የበዛበትን ምግብ የበሉ ጊዜ 57 ደቂቃ፥ ድብልቅ ምግብ የበሉ ጊዜ 114 ደቂቃ፥ ስታርችና ስኳር የበዛበትን የበሉ ጊዜ 167 ደቂቃ ጸኑ። ምክንያቱም ስታርች በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን ሆኖ ስለሚከማች ነው።

ይህ ከመታወቁ አስቀድሞ ግን የክቡር ዘበኛው አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ በባዶ እግሩ፥ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶንን አሸንፎ ነበር። ማሞ ወልዴም ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ ተከተለው። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. የታተመ ጥናት አሥር የታወቁ ኢትዮጵያውያን ሯጮችን መርምሮ፥ ከሚያገኙት የምግብ ጉልበት ከመቶ 64 ያህሉ ከእህልና ከመሰሉ፥ ከመቶ 12 ያህሉ ብቻ ከፕሮቲን መሆኑን አስረድቷል።

እንግዲህ ቆጮ ብቻ ይበቃል ማለታችን አይደለም። ቆጮ በስታርች ቢበለጽግም በፕሮቲን ድኻ ነውና፥ ባቄላ፥ ጎመን፥ ወተትና አይብ ሊታከሉበት ይገባል፤ በጾም ቀን የአይቡን ስፍራ ጥራጥሬ ይይዛል። ሥጋም በልኩ ቢበላ መልካም ነው። ሥጋ የጡንቻው መጠገኛ እንጂ ዋና ማገዶው አይደለም።

ምግብ እንደ ስፖርቱ ዓይነት ይለያያል። የውሃ ዝላይ ተወዳዳሪን እንመልከት። ከ10 ሜትር ማማ ወርዶ ውሃ እስኪነካ ሁለት ሴኮንድ አይሞላም፤ ስለዚህ እንደ ማራቶን ሯጭ ብዙ ማገዶ አያሻውም። ይሁን እንጂ ሰውነቱ ቀጭን ሆኖ እንዲታይ ሲል ራሱን የሚያስርብ አለ። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፥ ጉልበት የሚያንሰው ስፖርተኛ አጥንቱ እንደሚሳሳ፥ የሴቶችም የወር አበባ እንደሚዛባ አስጠንቅቋል። ለዘላዩም ለሯጩም ረኃብ አሠልጣኝ ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ በዱመርሶም ሆነ በሌላ ስፍራ ያላችሁ መምህራን፥ ተማሪውን ሜዳ ከማስሮጣችሁ በፊት «ዛሬ ምን በላህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቆጮ በጎመን ያለ እንደ ሆነ አያፍር፤ በባቄላ አሟሉለት። ምንም ያልበላ እንደ ሆነ ግን ከሩጫው በፊት ምግብ ይገባዋል። እኛ ባለ ሥልጣኖችም ለኳስና ለመለያ ልብስ በጀት ስንመድብ ምሳውን አንርሳ። በእንሰት ጓሮ ያደገ ልጅ ማገዶውን ከቤቱ ያገኛል፤ የጎደለውን ማሟላት የእኛ ፋንታ ነው።