የሮማን ከተማ ቅበላ

በ16ኛው ምዕተ ዓመት ፈረንሳይ የካቶሊክ አጥቢያ ምእመን ወደ ዐቢይ ጾም የሚሻገረው በኑዛዜና በቅበላ ነበር። ኑዛዜው ልቡናን ሲያነጻ፣ ቅበላው ጭምብል ላጠለቀ ድሃ የልቡን የሚናገርበት ጊዜ ይሰጠው ነበር።

በኢዜር ወንዝ ዳር በምትገኘው በሮማን ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1580፣ መኳንንቱ የማይከፍሉት ግብር የከበደባቸው የእጅ ባለሙያዎች፣ ከቅዱስ ብሌዝ በዓል አንሥቶ ሰይፍና መጥረጊያ ይዘው እየጨፈሩ፣ ሀብታሞች በድሃው ላብ መክበራቸውን በአደባባይ ገለጡ።

የከተማይቱ ሹማምንት ከጨዋታው በስተጀርባ ያለው አቤቱታ አልጠፋቸውም፤ መልሳቸው ግን ፍርድ ሳይሆን ሰይፍ ሆነ። የአመድ ረቡዕ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የባለሙያዎቹ መሪ ዣን ሰርቭ ተገደለ። የንስሐው አመድ በምእመናን ራስ ላይ የተነሰነሰው፣ የጎረቤት ደም ከመንገድ ሳይደርቅ ነበር። ጭምብሉ ቢወልቅም፣ የግብሩ ጥያቄ ከጾሙ በኋላም አልተፈታም።