እጅ የሚናገርበት ጥበብና የጠባቂዎቹ ዕጣ

አንድ ጥበብ በመጽሐፍ ተጽፎ መገኘቱ ብቻ ሕያው ሆኖ ለመኖሩ ዋስትና አይሆነውም። ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በአካል የሚተላለፍ ሲሆን ደግሞ፥ ታሪኩ ከጠባቂዎቹ ታሪክ ተለይቶ ሊታይ አይችልም። ለዚህ አብነት የሚሆነን ባራታናትያም የተባለው የደቡብ ሕንድ ውዝዋዜ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሕንድ የተውኔትና የውዝዋዜ ሕግ በሰፊው የተጻፈበት ጥንታዊው የሳንስክሪት መጽሐፍ ናትያ ሻስትራ ይባላል። ከእርሱ በኋላ የተደረሰው አቢናያ ዳርፓና በአንድ እጅ ብቻ የሚሠሩ 28 ምልክቶችን በየስማቸው ይዘረዝራል። ለምሳሌ ያህል፥ አራቱ ጣቶች ተጋጥመው ሲዘረጉና አውራ ጣት ብቻ ሲታጠፍ ፓታካ ይባላል፤ ትርጓሜውም ሰንደቅ ማለት ነው። ይኸው አንድ ምልክት እንደ አገባቡ ደመናን፥ ጫካን፥ ወንዝን ወይም ሌሊትን ያመለክታል። እንግዲህ የእጅ ምልክት እንደ ፊደል ነው፤ ቃል የሚሆነው ዓይን፥ ፊትና እግር ሲተባበሩት ነው።

ትምህርቱ ግን በእጅ አይጀመርም። ተማሪዋ አስቀድማ ወገቧን አቅንታ፥ ጉልበቶቿን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከፍታ፥ በግማሽ ቁጢጥ ብላ መቆምን ትለምዳለች፤ ይህ አቋም አራይማንዲ ይባላል። ቀጥላም አዳቩ የተባሉትን መሠረታዊ እርምጃዎች በሦስት ልዩ ልዩ ፍጥነት ትደጋግማለች። ናቱቫናር የሚባለው መምህር መሬት ላይ ተቀምጦ በአጭር ዱላ እንጨት እየመታ ልኩን ይጠብቅላታል። የዘፈኑን ምሥጢር በእጅና በፊት መግለጥ የሚመጣው እግሯ ከጸና በኋላ ነው። ከብዙ ልምምድ በኋላ በሕዝብ ፊት የምትቀርብበት የመጀመሪያው ቀን አራንጌትራም ይባላል።

ይህን ሁሉ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያቈዩት ዴቫዳሲ የተባሉ ለሂንዱ ቤተ መቅደስ የተሰጡ ሴቶችና መምህሮቻቸው ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በታንጆር ቤተ መንግሥት ይኖሩ የነበሩ አራት ወንድማማች መምህራን፥ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን የትርኢት ቅደም ተከተል አደላደሉ። በ1855 ግን የታንጆር መንግሥት በእንግሊዞች እጅ ተጠቃለለ፤ የቤተ መንግሥቱም ድጋፍ ቀረ። ብዙዎቹ ሴቶች በድኽነት ወደቁ፤ ስማቸውም ከዝሙት ጋር እየተያያዘ ይነቀፍ ጀመር።

በ1932 ጉዳዩ በማድራስ ጋዜጦች ላይ ብርቱ ክርክር አስነሣ። ሐኪሟ ሙቱላክሽሚ ሬዲ ልጃገረዶችን ለቤተ መቅደስ መስጠት እንዲቀር ስትታገል ኖራለች፤ እናቷ ከዚያው ወገን ስለ ነበሩ መከራውን ከቅርብ ታውቀው ነበር። ጠበቃው ክሪሽና አይየር በበኩሉ፥ ከነውሩ ጋር ጥበቡ አብሮ እንዳይጠፋ ይሟገት ነበር። ሳዲር ይባል የነበረው ውዝዋዜ ባራታናትያም መባል የተለመደውም በዚሁ ዘመን ነው።

ከብራህማን ወገን የተወለደችው ሩክሚኒ ዴቪ ከስመ ጥሩው መምህር ከሚናክሺሱንዳራም ፒላይ ተምራ በ1935 በአደባባይ ቀረበች። ለክብርት ሴት እንደ ውርደት ይቈጠር ስለ ነበረ ነገሩ ብዙዎችን አስደነቀ። በ1936 ካላክሼትራ የተባለውን ትምህርት ቤት አቋቋመች፤ የሕንድ ምክር ቤትም በ1993 በሕግ ብሔራዊ ጠቀሜታ ያለው ተቋም ብሎ ሰይሞታል። በ1947 የማድራስ መንግሥት ልጃገረዶችን ለቤተ መቅደስ መስጠትን በሕግ ከለከለ።

ሕጉ የሚገባ ነበር፤ ሕፃን ልጅ ሳትጠየቅ የምትሰጥበት ልማድ መቅረቱ ሊያስመሰግን እንጂ ሊያስቈጭ አይገባም። ነገር ግን የተከበሩ ቤቶች ልጆች ወደ መድረኩ ሲወጡ፥ ጥበቡን ያቈዩት ወገኖች ልጆች አብዛኞቹ ከመድረኩ ወረዱ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንደሚባለው ሆነ።

ከእነዚህ ወገኖች መድረኩን ሳትለቅ የቀረችው ባላሳራስዋቲ ነበረች። በ1918 ተወልዳ በሰባት ዓመቷ አራንጌትራሟን ፈጸመች። ሩክሚኒ ዴቪ ከዘፈኖቹ የፍቅሩን ክፍል ስታስቀር፥ ባላሳራስዋቲ ግን ፍቅሩ ራሱ የጸሎት መንገድ ነው ስትል ተከራከረች። በ1984 እስከ ሞተችበት ጊዜ ድረስም በሀገሯና በአሜሪካ አስተምራለች።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ መጽሐፉ የእጁን ስም ሊነግረን ቢችልም እጁን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነው። ነውርን ማስወገድና ባለሙያን ማስወገድ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ጥበብን ከውርደት ለማዳን የሚነሣ ሁሉ፥ ጥበቡን ተሸክመው ያመጡትን ሰዎች አብሮ ማዳን ይገባዋል።