የሚናማታ ድመቶች፦ ፀጉር የመዘገበው፣ ሰው የደበቀው

የጎዳና ድመት ፀጉሩ ሲረግፍ ወይም መልኩ ሲለወጥ «እከክ ይዞታል» ብለን እናልፋለን። አብዛኛውን ጊዜም አንሳሳትም። ቁንጫ፣ የእከክ ተባይና ፈንገስ ፀጉር ያራግፋሉ። ምግቡ ፕሮቲን ወይም መዳብ ያነሰው ጥቁር ድመትም ፀጉሩ እየቀላ ይሄዳል።

አንዳንዴ ግን ነገሩ ከበሽታም ከረሃብም ያልፋል። በ2014 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቡልጋሪያዋ የቫርና ከተማ አረንጓዴ ድመት ታየ። ሕዝቡ «የትኛው ጨካኝ ነው የቀባው?» ብሎ ተቆጣ። በኋላ ሲጣራ ድመቱ ሌሊት ሌሊት የሚተኛው በተጣለ የቀለም ዱቄት ክምር ላይ ነበር። በ2017 ደግሞ በህንድ፣ ሙምባይ አጠገብ ባለው የታሎጃ የኢንዱስትሪ መንደር ፀጉራቸው ሰማያዊ የሆነ ውሾች መንገድ ላይ ታዩ። ምንጩ ሲፈለግ ቀለም የሚጠቀም ፋብሪካ ተገኘ፤ የአካባቢው የብክለት ተቆጣጣሪ ቦርድም ዘጋው።

የጎዳና እንስሳ እኛ የጣልነውን ይበላል፣ የደፋነውን ይጠጣል፣ ባፈሰስነው ላይ ይተኛል። ስለዚህ መርዝ ወደ ሰፈር ሲገባ ቀድሞ የሚነካው እሱን ነው። ሰውነቱ መዝገብ ነው ማለት ይቻላል። መዝገቡን ሳያነቡ ማለፍ አንድ ጥፋት ነው፤ አንብቦ መደበቅ ግን ሌላ ነው። ይህን ሁለተኛውን ጥፋት ከጃፓኗ ሚናማታ በላይ የሚያሳይ ታሪክ የለም።

ሚናማታ በኪዩሹ ደሴት፣ በኩማሞቶ ግዛት የምትገኝ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ቺሶ የተባለው የኬሚካል ኩባንያ በ1908 ፋብሪካ ተከለባት፤ ከዚያ ወዲህ ከተማዋ በፋብሪካው እንጀራ የምታድር ሆነች። በ1932 ፋብሪካው አሲታልዴሃይድ የተባለ ኬሚካል ማምረት ጀመረ። ለዚህም ሜርኩሪ ይጠቀም ነበር። ከሜርኩሪው ከፊሉ በምርት ሂደቱ ወደ ሜቲል ሜርኩሪ እየተቀየረ ከፍሳሹ ጋር ወደ ባሕሩ ወሽመጥ ይወርዳል። ከውኃው ወደ ዓሣው፣ ከዓሣው ወደ አሣ አጥማጁ ገበታ፣ ከገበታው የተረፈው ደግሞ ወደ ድመቷ።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአሣ አጥማጆቹ ድመቶች አረማመዳቸው ተበላሸ። ይንገዳገዳሉ፣ ባሉበት ይሽከረከራሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ አንዳንዶቹም ባሕር ውስጥ ገብተው ይሞታሉ። ሰዉ «የሚጨፍሩ ድመቶች» አላቸው። ቁራዎችም ከሰማይ ይወድቁ ጀመር። ነሐሴ 1954 አንድ የኩማሞቶ ጋዜጣ ሞዶ ስለምትባል የአሣ አጥማጆች መንደር ዘገባ አወጣ፤ ድመቶቹ ሊያልቁ ደርሰው አይጥ መንደሩን ወርሮታል ይላል። ልብ በሉ፤ ነዋሪዎቹ ለከተማው አስተዳደር ያቀረቡት አቤቱታ አይጥ እንዲጠፋላቸው ነበር። ድመቶቹን ምን ጨረሳቸው ብሎ የመረመረ አልነበረም።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተራው የሰው ሆነ። ሚያዝያ 1956 መራመድና መናገር የተሳናት የአምስት ዓመት ልጅ ወደ ፋብሪካው ሆስፒታል መጣች፤ ታናሽ እህቷም ተከተለቻት። ግንቦት 1 ቀን የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ሀጂሜ ሆሶካዋ ምንነቱ ያልታወቀ የነርቭ በሽታ መከሰቱን ለጤና ጽሕፈት ቤት አሳወቁ። በመጀመሪያ ተላላፊ ስለመሰለ ሕሙማኑ ተገለሉ፣ ቤታቸው መድኃኒት ተረጨ፣ ጎረቤት ሸሻቸው።

በ1957 የከተማዋ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ከወሽመጡ የተያዘ ዓሣ ለጤነኛ ድመቶች አበሉ። ድመቶቹ ያንኑ በሽታ ታመሙ። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የጤና ሚኒስቴሩ ግን በወሽመጡ ያለው ዓሣ በሙሉ መመረዙ አልተረጋገጠምና በሕግ መከልከል አይቻልም የሚል መልስ ሰጠ። በ1958 ደግሞ ኩባንያው የፍሳሹን መስመር ወደ ሚናማታ ወንዝ አፍ አዞረው፤ በሽታውም አዳዲስ መንደሮች ደረሰ።

ሐምሌ 1959 የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መንስኤው ኦርጋኒክ ሜርኩሪ ነው አሉ። ኩባንያው አስተባበለ። በዚያው ወር ግን ዶክተር ሆሶካዋ በፋብሪካው ግቢ የአሲታልዴሃይዱን ፍሳሽ ከምግብ ጋር እየቀላቀሉ ለአንዲት ድመት መስጠት ጀምረው ነበር። በመዝገብ ስሟ «ድመት ቁጥር 400» ነው። ጥቅምት ላይ ድመቷ ተንቀጠቀጠች፣ ተሽከረከረች። ኩባንያው ውጤቱን አወቀ፤ ሙከራው እንዲቆም አደረገ፤ ወረቀቱንም ቆለፈበት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ልብ የሚያደማው። በታኅሣሥ 1959 መጨረሻ ቺሶ ከተጠቂዎቹ ጋር «የማጽናኛ ገንዘብ» ውል ተፈራረመ። ለሟች 300,000 የን ይከፈላል፤ በምላሹ ፋብሪካው ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ተጠቂዎቹ ተጨማሪ ካሣ አይጠይቁም። የድመት ቁጥር 400 ውጤት በእጁ ያለ ኩባንያ፣ ስለ ድመቷ ያልሰሙ ድሆችን አስፈረመ። በዚያው ወር የፍሳሽ ማጣሪያ በድምቀት ተመረቀ፤ ሜርኩሪውን ግን አያስቀርም ነበር።

ፀጉር ግን አይዋሽም። ሜርኩሪ በደም ዞሮ ፀጉር ውስጥ ይቀመጣል። ከአካባቢው ውጭ በሚኖር ሰው ፀጉር በአማካይ ከሚሊዮን 4 እጅ ሜርኩሪ ሲገኝ፣ በሚናማታ ሕመምተኞች እስከ 705 ተለክቷል።

መርዙ መፍሰሱን ቀጠለ። በ1965 በሌላ ኩባንያ ፋብሪካ ምክንያት ያው በሽታ ኒጋታ ላይ ተከሰተ። ቺሶ አሲታልዴሃይድ ማምረቱን ያቆመው በ1968 ነው፤ መንግሥትም የበሽታው መንስኤ የፋብሪካው ፍሳሽ መሆኑን በይፋ ያመነው በዚያው ዓመት መስከረም ነው። ድመቷ ከታመመች ዘጠኝ ዓመት አለፈ ማለት ነው። ዶክተር ሆሶካዋ በ1970 ከሕመም አልጋቸው ላይ ሆነው ስለ ድመቷ መሰከሩ፤ በዚያው ዓመትም አረፉ። በ1973 ፍርድ ቤቱ ለተጠቂዎቹ ፈረደ፤ ያንን ውልም ከሥነ ምግባር ውጭ ነው ብሎ ሻረው። እስከ 2001 በይፋ ከተመዘገቡት 2,265 ተጠቂዎች 1,784ቱ ሞተዋል።

ዛሬ የሜርኩሪን አጠቃቀም የሚገድበው ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚናማታን ስም ይዟል። በ2013 ከፈረሙት አገሮች ኢትዮጵያ አንዷ ናት። ስምምነቱ በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያወጡ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ሜርኩሪም ይመለከታል፤ ስለዚህ ጉዳዩ ከእኛም ወንዝ አይርቅም።

ፀጉሩ የረገፈ ድመት ሁሉ የመርዝ ምልክት ነው አልልም። ብዙው እከክ ነው። ነገር ግን በአንድ ሰፈር ድመቱም፣ ወፉም፣ ከብቱም በአንድ ወቅት ሲለወጥ ጥያቄው የእንስሳት ሐኪም ብቻ አይደለም። ምን እየፈሰሰ ነው? ማን ያውቃል? ውጤቱስ የት ተቀምጧል? ብሎ መጠየቅ ይገባል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። በሚናማታ ግን በሽታውን የደበቀው አንድ ወገን፣ መድኃኒት ያጣው ሌላ ወገን ነበር።