ዕቅበተ ቅርጸት

በየጽሕፈት ቤቱ «ፎርማቲንግ» እየተባለ የሚጠራውን ነገር፣ ማለት የፊደሉን ዓይነትና መጠን፣ የመሥመሩን ርቀት፣ የኅዳጉን ስፋት፣ የዓምዱን አከፋፈል፣ የርእሱን መጕላትና የገጹን መቈረጫ፣ ወደ አማርኛ የተተረጐሙት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች «ቅርጸት» ብለውታል፤ ቃሉም ቀረጸ ከሚለው ግስ የወጣና አስቀድሞ ቅርጸ ፊደል በሚለው አጠራር የለመድነው ስለ ሆነ ያለ ማንገራገር ልንቀበለው ይገባል። ስም የሚሻው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ተግባር ነው፤ በአንዱ የጽሕፈት ፕሮግራም የተዘጋጀ ሰነድ በሌላው ሲከፈት፣ ከወርድ ወደ ሊብረኦፊስ ወይም ወደ ጉግል ዶክስ፣ ከቢሮ ኮምፒውተር ወደ እጅ ስልክ ሲተላለፍ፣ ጸሐፊው የሰጠውን ቅርጸት ሳይለቅ እንዲደርስ ማድረግ ምን ይባላል? «የሰነድ ጥበቃ» እንዳንለው፣ ይህ አጠራር ሰነዱን በምስጢር ቃል መዝጋትን ያሳስባል፤ ስለዚህ ጠበቀ ማለት ከሆነው ከግእዙ ዐቀበ ወስደን፣ ሊቃውንት ዕቅበተ እምነት እንዳሉት ሁሉ፣ «ዕቅበተ ቅርጸት» ብንለው የሰማው ሁሉ ይረዳዋል።

ቃሉ አዲስ ቢሆንም ተግባሩ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ በዚያው አካባቢ ያለችው ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናት። በድጓ መጽሐፍ ንባቡ አንድ ነገር ሲሆን ከንባቡ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሚሰለፈው ምልክት ሌላ ነገር ነው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቍርጥ የሚባሉት እነዚህ ምልክቶች በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደራጁ በሊቃውንት ዘንድ ይነገራል። ድፋቱ ሊያርፍበት ከሚገባው ፊደል ራስ ላይ ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ቢሻገር፣ ከንባቡ አንዲት ሆሄ ሳትጐድል ዜማው ይፈርሳል። ስለዚህ የድጓ ጸሐፊ ብርዑን ከቀለም ከመንከሩ አስቀድሞ ብራናውን በወስፌ እየወጋ መሥመሩንና ዓምዱን ያሰምራል፣ ለንባቡ የሚሆነውን ስፍራ ለምልክቱ ከሚተወው ለይቶ ይወስናል፣ ቀይ ቀለም የሚገባበትንም ያውቃል፤ ከእርሱ የሚገለብጠው ሌላው ጸሐፊም ያንኑ ሥርዐት የተማረ ስለ ሆነ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ መልኩን አይለቅም።

በኮምፒውተር ዘንድ ያለው አሠራር ይህን ይመስላል፤ የሚለየውም ተቀባዩ ሰው ሳይሆን ፕሮግራም መሆኑ ነው። ዛሬ በየቢሮው የሚጻፈው ዶክኤክስ የተባለው የፋይል ዓይነት፣ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ፣ በውስጡ ብዙ ትናንሽ ፋይሎች የታሸጉበት ጥቅል ነው፤ ንባቡ በአንዱ፣ የቅርጸቱ ድንጋጌ በሌላው፣ ሥዕሉ በሌላው ይቀመጣል። ጥቅሉ የፊደሉን ስም ይይዛል እንጂ የፊደሉን ቅርጽ፣ ካልተካተተበት በቀር፣ አይዝም፤ መሥመሩ የት እንደሚሰበር፣ ገጹ የት እንደሚያልቅም አስቀድሞ አይወስንም። ይህን ሁሉ የሚወስነው ፋይሉን የከፈተው ፕሮግራም ነው፤ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ባገኘው ፊደልና በገዛ ስሌቱ ገጹን እንደ ገና ይደለድላል። ይህ የፋይል ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆኖ ጸድቋል፤ ሊብረኦፊስ የሚጠቀምበት ኦዲኤፍም በ2006 ጸድቋል፤ ነገር ግን ሁለቱ አንዱን ሐሳብ በየራሳቸው አገላለጽ ስለሚጽፉት፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተረጐም ጥቂት ነገር መጓደሉ አይቀርም።

አንድ ደብዳቤ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር በቴሌግራም ተልኮ ሲከፈት የሚሆነውን እንመልከት። ጸሐፊው «ቁጥር» እና «ቀን» የሚሉትን ቃላት በቀኝ በኩል ለማዋል ስፔሱን ደጋግሞ ተጭኗል፤ «ጉዳዩ» የሚለውን መካከል ላይ ያደረሰው በዚያው መንገድ ነው፤ ፊርማና ማኅተም የሚያርፍበትን ቦታም ኢንተር እየመታ ወደ ገጹ ግርጌ አውርዶታል። የጻፈበት ቅርጸ ፊደል ኒያላ ነው እንበል። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ ነበር፤ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን ለብቻው በተጨማሪነት የሚጫን ሆኗል፤ በማክ ኮምፒውተር ላይ ያለው ደግሞ ከፋ የተባለው ነው። ተቀባዩ ኒያላ ከሌለው ፕሮግራሙ እንደ ኤብሪማ ያለ ሌላ ፊደል ይተካል፤ የተተካው ፊደል ስፋት ከመጀመሪያው ስፋት ጋር አንድ ስላልሆነ ቀኑ ወደ ታችኛው መሥመር ይወድቃል፣ ከታች ያለው ሁሉ ይገፋል፣ በመጨረሻም የኀላፊው ስምና «ግልባጭ» የሚለው ብቻቸውን በሁለተኛው ገጽ ላይ ይቀራሉ። ይህን ቀላል ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው ተሳስቷል፤ ፍሬ ነገሩ ከሌለበት ወረቀት ላይ የሚያርፍ ፊርማና ማኅተም፣ ማንም የፈለገውን ገጽ ከፊቱ ሊያያይዝበት የሚችል ነውና።

ከዚህም የከፋ አለ። እንደ ቪዥዋል ግእዝ ባሉት የቀድሞ ፕሮግራሞች የተጻፈው ሰነድ የኢትዮጵያን ፊደል የሚያሰፍረው በላቲን ፊደል ቍጥሮች ላይ ስለ ነበረ፣ ያ ቅርጸ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። እዚህ ላይ የጠፋው ቅርጸቱ ብቻ ሳይሆን ንባቡም ነው፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከገባ በኋላ የተጻፈ ቢሆንም እንኳ በድሮው መንገድ የተጻፈ ሁሉ ሳይውል ሳያድር ወደ ዩኒኮድ ሊገለበጥ ይገባዋል።

እንግዲህ ዕቅበተ ቅርጸት የሚጀምረው ፋይሉ ሲላክ ሳይሆን ሲጻፍ ነው። በወርድም በሊብረኦፊስም የተሰወሩ ምልክቶችን የሚያሳይ አዝራር አለ፤ እርሱን ሲጫኑት በባዶው ስፍራ የተደረደረው የስፔስ ነጥብ ሁሉ ይገለጣል። በዚያ ምትክ የቀኙን መቆሚያ በታብ፣ መካከሉን በአሰላለፍ ትእዛዝ፣ አዲሱን ገጽ በገጽ መቍረጫ፣ ርእሱን ስታይል በሚባለው ስም ባለው ድንጋጌ የወሰነ ሰው፣ ሰነዱ የትም ቢከፈት ትእዛዙ ይነበብለታል፤ ፊደሉ ቢለወጥ እንኳ ቀኑ ከቀኝ አይነቃነቅም። ሁለተኛው ነገር ቅርጸ ፊደሉን ከፋይሉ ጋር ማካተት ነው፤ ወርድም ሊብረኦፊስም ይህን ምርጫ ይሰጣሉ። ከዚህ የሚሻለው ግን ላኪና ተቀባይ አቢሲኒካን ወይም ኖቶን በመሰለ፣ ለማንም በነፃ በሚታደል ፊደል ላይ መስማማታቸው ነው። ሰነዱ የሚነበብና የሚታተም ብቻ ከሆነ በፒዲኤፍ ይላክ፤ ፒዲኤፍ ገጹን እንደ ተደለደለ ያጸናዋልና። የሚታረም ከሆነ ሁለቱም አንድነት ይላኩ፤ ተቀባዩ የሚያርመውን ከፒዲኤፉ ጋር እያስተያየ የተናጋውን እንዲያውቅ።

ወደ ድጓው ልመለስ፤ ይህን ማስረጃ ከዚያ ምድር ማውጣቴ ያለ ምክንያት አይደለምና። የዜማው ምልክቶች እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኒኮድ 4.1 ውስጥ 10 ሆነው ገብተዋል፤ አጭሩ ርክርክና ደረት ሂደት ለየብቻቸው ስለ ተቈጠሩ ነው ከስምንት ያለፉት። ነገር ግን ምልክቶቹ ዩኒኮድ ውስጥ የተመዘገቡት እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ስፍራ ይዘው እንዲቆሙ ሆነው ነው፤ በራሳቸው ከፊደል በላይ አይወጡም። ከንባቡ በላይ የሚያሰልፋቸው ሌላ ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ ለዚህም የሚያገለግለው ለጃፓን ጽሕፈት ተብሎ የተሠራው፣ በዋናው ቃል አናት ላይ ደቃቅ ንባብ የሚያስቀምጠው ሥርዐት ነው። ወርድም ሊብረኦፊስም ያውቁታል፤ ይህን ትእዛዝ በማያውቅ ፕሮግራም ላይ ግን ምልክቱ ከላይ ወርዶ በንባቡ መካከል ሊሰነቀር ወይም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ድጓን በኮምፒውተር የሚያሰፍር ሰው ፋይሉን ከነቅርጸ ፊደሉ አካትቶ፣ ፒዲኤፉንም አያይዞ ከላከ በኋላ፣ ቅጂው በደረሰበት ቦታ ሁሉ ገጽ በገጽ የሚመረምረው የኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ ሳይሆን ድጓውን በቃሉ የሚያዜም መምህር እንዲሆን ያስፈልጋል፤ አንድ ቅናት ከስፍራው መነሣቱን በዐይን ከሚፈልገው ይልቅ ሲያዜም የሚደናቀፍበት ሰው ቶሎ ያገኘዋልና።